አምስት ሰከንድ በነቀምቴ

ነቀምቴ ውስጥ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ ብል ብዙ አልዋሸሁም። ችግሩ እኔም አለማወቄ ነው። አዲስ አበባ ለስድስት ሳምንት ሥልጠና ተልኬ ስመለስ ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ አንድ ሳጥን ፍሎፒ ዲስክ በብብቴ ሸጉጬ ነው ከአውቶቡስ የወረድኩት። ጋዋኑን ያየ ሁሉ የእንስሳት ሐኪም እየመሰልኩት ስለታመመች ላሙ ያማክረኝ ነበር። አንዳንዱንማ መክሬዋለሁ።

ዘመኑ የደርግ መጨረሻ አካባቢ ሲሆን የምሠራው በአንድ የግብርና መሥሪያ ቤት ነበር። ለአንድ ፕሮጀክት ተብሎ የመጣው ኮምፒውተር ከእንግሊዝኛ በቀር አያውቅም። የምርትና የማዳበሪያ ቁጥሩን እኔ በእንግሊዝኛ እጽፍበታለሁ፤ የአማርኛውን ደብዳቤ ግን ከጎኔ ባለው ክፍል የጽሕፈት ሠራተኛዋ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት ሴት፣ በጽሕፈት መኪናዋ ትመታዋለች። ኃላፊያችን ይህ አልተዋጠለትም።

«አማርኛ የማይችል ማሽን ምን ያደርግልናል?» አለኝ አንድ ቀን።

«ጓድ ኃላፊ፣ ሁለቱንም እንዲችል አደርገዋለሁ» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ከአዲስ አበባ ያመጣሁት የአማርኛ ሲስተም ነበረኝ። ሁለቱ ሲስተሞች ግን አብረው አይሠሩም፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው መተኛት አለበት። ስለዚህ ልክ እንደ መሬት ቀያሽ የማሽኑን ዲስክ ለሁለት ሸነሸንኩና አንዱን ለእንግሊዝኛ፣ አንዱን ለአማርኛ ሰጠሁ። ማሽኑ ሲበራ «አንድ ወይስ ሁለት?» ብሎ ይጠይቃል። አንድ እንግሊዝኛ ነው፣ ሁለት አማርኛ። የሚመልስለት ካጣ በራሱ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ ይገባል። ምን ያህል እንደሚጠብቅ የምወስነው እኔ ነበርኩ። አሠልጣኛችን ሠላሳ ሰከንድ ይበቃል ብሎ ነበር። እኔ ደግሞ ሠላሳ ሰከንድ የሰነፍ ነው ብዬ አምስት አደረግሁት። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ነቀምቴ ነው፤ በዚህ አገር በአምስት ሰከንድ ምንም ነገር እንደማይጀመር ከእኔ በላይ ማን ሊያውቅ ነበር?

ሥራው ሊያልቅ ሲል ኃላፊው ጠርቶኝ፣ «ይህ ከተሳካ እትዬን ወደ አንገር ጉቲን እናዛውራታለን። እዚያ ያለው የመንግሥት እርሻ ጸሐፊ ይፈልጋል» አለኝ። አንገር ጉቲን ቆላ ነው፤ ወባ አለ፣ መንገዱም ዝናብ ሲጥል ይዘጋል። እትዬ ደግሞ አልጋ ላይ የዋለች እናት አለቻት። በየቀኑ ለምሳ ስንወጣ እየሮጠች ቤት ሄዳ አጉርሳት፣ አገላብጣት ትመለሳለች። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ኃላፊውም ያውቃል።

በማግስቱ ወሬው የደረሳት እትዬ ቢሮዬ መጣች።

«ልጄ፣ እንደው ነገሩ ይሠራል?»

«ይሠራል እንጂ እትዬ! እንዴት አይሠራም!» አልኩና አስቀምጬ፣ ወረቀትና እርሳስ አውጥቼ፣ ዲስክ እንዴት ለሁለት እንደሚከፈል አስረዳኋት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ፤ አመስግናኝም ወጣች። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

የሙከራው ቀን ሦስት እንግዶች ከበላይ መሥሪያ ቤት መጡ። እትዬ ወረቀት ታቅፋ በሩ አጠገብ ቆማለች። ማሽኑን አበራሁት። አጉረመረመ፣ ቆጠረ፣ ጥያቄውን አወጣ። መስቀል እንደሚያሳልም ቄስ ጣቴን ከፍ አደረግሁ። በዚህ መሐል የአባቴ ወዳጅ የሆኑ፣ በቅርባችን ካለችው ከጉቴ የመጡ ሽማግሌ፣ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር፣ ስለ ማዳበሪያ ሊጠይቁ ገቡ።

«አከም ቡልቴ፣ ኢልማ ኮ!» ብለው፣ እንዴት አደርክ ልጄ ሲሉ በኦሮምኛ፣ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ነጋ? ፈያ?» ሰላም ነህ? ደህና ነህ? ማለታቸው ነው።

ቀኝ እጄ ተያዘ። ግራዬን ደግሞ ለአክብሮት ከቀኝ ክንዴ ሥር አድርጌያለሁ። ሁለት እጅ አለቀ ማለት ነው።

«ፈያ፣ ፈያ» አልኩ እየተጣደፍኩ።

«አባትህስ? እናትህስ? ከብቶቹስ?»

«ደህና ናቸው፣ ሁሉም ደህና ናቸው» አልኩ። ከብት አይደለም ዶሮ የለኝም። ጎንበስ ብዬ ቁልፉን በክርኔ ለመጫን ሞከርኩ። ማሽኑ ሲጥ አለና ወደ እንግሊዝኛው ገባ።

እንግዶቹ ተያዩ። ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁት። ሽማግሌው የእንግዶቹን ደህንነት አንድ በአንድ ጠይቀው ጨረሱ። ተገላገልኩ ብዬ ጣቴን ሳነሳ ግን እንደገና እጄን ያዙኝ።

«ቆይ፣ እናትህ ታማ ሆስፒታል ገባች ሲሉ ሰምቼ ነበር እኮ። ደህና ናት አልከኝ?»

እውነት ነበር፤ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። እናቱን የጠየቀውን ሰው ትቶ ማሽን የሚነካ በወለጋ ገና አልተወለደም። መቼ እንደታመመች፣ መቼ እንደወጣች በዝርዝር ነገርኳቸው። ስጨርስ ማሽኑ እንግሊዝኛ ውስጥ ገብቶ ተደላድሏል።

አንደኛው እንግዳ ሰዓቱን አየ። «ጓዶች፣ ይህ ማሽን አማርኛ አይወድም። አማርኛውን ለሴትዮዋ ተዉላት» ብሎ ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉት። ኃላፊው ያየኝን አስተያየት አልነግራችሁም።

ሁሉም ሲሄዱ ንዴቴን ይዤ ተቀመጥኩ። አምስቱን ሰከንድ ስልሳ አድርጌ ኃላፊውን ዛሬውኑ ጠርቼ ላሳየው ነው። ስልሳውን ጽፌ ገና ሳልመዘግበው እትዬ ገባች። በሩን ዘጋች።

«አይቻለሁ» አለች። «እጅህን ለሽማግሌው ሰጥተህ ማሽኑን ረሳህ። ለእኔ ብለህ ነው።»

አይደለም ልላት አፌን ከፈትኩ። ክርኔ ገና ይጠዘጥዘኛል። ግንባሬን ሳመችኝና፣ «ለእናቴ እንደደረስክላት ለእናትህ የሚደርስላት አይጥፋ» አለች። እንባዋ ጋዋኔ ላይ ወረደ።

«አሜን» አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት አሜን የለም።

ስትወጣ ስልሳውን ሳልመዘግብ ማሽኑን አጠፋሁት። በሳምንቱ ኃላፊው፣ «እስቲ አንድ ጊዜ እንሞክረው፤ ዛሬ እንግዳ የለም፣ ሽማግሌም የለም» አለኝ።

«ጓድ ኃላፊ፣ እኔ አልቻልኩበትም» አልኩት። ወዲያው አመነኝ።