በቅሎዋ የቀደመችኝ ቀን

ባለፈው ኅዳር በአንዱ ማለዳ፣ ልጄ ከሚሴ ውስጥ በከፈተችው ጁስ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ፓፓያዬን በማንኪያ እየጫርኩ ሳለሁ አራት ወጣቶች በብስክሌት መጡ። የብስክሌቶቹ ጎማ ወፍራም ነው፣ የራስ ቁራቸው ያብረቀርቃል። ከአዲስ አበባ ብስክሌቶቹን በመኪና ጭነው እንደመጡ፣ ከዚህ ወዲያ ግን አስፋልቱን ትተው፣ በጠጠሩ መንገድ የቦርከናን ወንዝ እየተከተሉ በጨፋ ሸለቆ እስከ ጨፋ ሮቢት ደርሰው መመለስ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። መሪያቸው የምትመስለው ቀጭን ልጅ ስልኳን አሳየችኝ። አንድ ሰማያዊ መስመር በሸለቆው ውስጥ ይጠማዘዛል።

«ካርታው ለምሳ ተመልሳችሁ ትደርሳላችሁ ይላል፣ አባባ» አለችኝ።

«ኢንሻአላህ» አልኳት። ካርታውን የሠራው ሰው በዚያ መንገድ እንደዚያ ዕለቱ ባለ የገበያ ቀን ሄዶ እንደማያውቅ ግን ገብቶኛል። ሲሄዱ ብቻዬን ስስቅ ልጄ አየችኝና «ደግሞ ምን ትዝ አለህ?» አለች። ምን ትዝ ይለኛል፤ ያቺው የአጎቴ በቅሎ ናታ።

ጎረምሳ ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ አሰብ ወደብ ይሠራ ነበርና ለኢድ ሲመጣ በጭነት መኪና ላይ ብስክሌት አስጭኖ አመጣልኝ። ጥቁርና ከባድ፣ ከኋላው ሰፊ የብረት መጫኛ ያለው ነበር። ፍሬኑ የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ደስ ሲለው። ለእኔ ግን ሙሽራም እንደዚያ አያምርም ነበር። ሌሊት ከከብቶቹ ጋር አያድርም ብዬ ከመኝታዬ አጠገብ አቆመው ነበር።

አባቴ አልወደደውም። ገበሬም የእህል ነጋዴም ነበር፤ ቁጡ ሰው አልነበረም፣ አንድ ነገር ካለ ግን አለ ነው። አንድ ቀን ከከተማ ወደ መንደራችን ሲመለስ የማያውቀው ብስክሌተኛ ጎረምሳ አቧራ አልብሶት፣ ሰላም ሳይለው በአጠገቡ ሽው ብሎ አለፈ። በዚያ ምሽት እራት ላይ ነገሩን አመጣው።

«ይሄ ነገር ሰላም ሳያስብል ሰው ያሳልፋል» አለኝ። «በእግርህ ስትሄድ ሰው ታገኛለህ። በዚህ ላይ ስትቀመጥ ግን ሰው ሁሉ የመንገድ ዳር ግንድ ይሆንብሃል። ገበያ ወስጄ በጊደር እለውጠዋለሁ።»

እጄን ከማዕዱ አነሣሁ። የደረሰልኝ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ አሊ ነው። አሊ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነበር፤ አንዲት ሐመር በቅሎ ነበረችው፣ ስለ እሷ ካወራ ደግሞ አያቆምም።

«አያ፣ ከመለወጥህ በፊት እስቲ ከኔ በቅሎ ጋር ይሽቀዳደም። ከቀደመ ይቅርለት፣ ከቀደምኩት ጊደሯ ትምጣ» አለው አባቴን።

አባቴ ፈገግ አለና ተስማማ። በገበያ ቀን በሸለቆው መንገድ ወርደን ጨፋ ሮቢት ከብት ተራው አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል፤ እሱ እህሉን በመኪና ይዞ ቀድሞ ይጠብቀናል። ለምን ፈገግ እንዳለ ያኔ አልገባኝም። እኔ የማስበው በቅሎ ጎማ እንደሌላት ብቻ ነበር።

ከሱብሂ ሶላት በኋላ ተነሣን። ማሽላው ራሱን አዘንብሏል፣ ጤዛው ገና አልረገፈም፣ ወፍ ጠባቂዎች ማማቸው ላይ ሆነው ወንጭፍ ያጮኻሉ። ነጩ ድንጋይ ወደሚፈነቀልበት ቁልቁለት ስደርስ ብስክሌቱን ለቀቅኩት። ጠጠሩ ከጎማዬ ሥር እንደ ቆሎ ይንጣጣል፣ ከታች ቦርከና በቄጠማው መሀል እየታጠፈ ይታያል፣ ነፋሱ ሸሚዜን ነፍቶታል። አጎቴና በቅሎው ከኋላዬ አቧራ ውስጥ ቀርተዋል። ያን ጊዜ የነበረኝን ደስታ ዛሬም ሳስበው ልቤ ውስጥ ይሞቀኛል።

ታዲያ ከቁልቁለቱ ግርጌ አንድ ሽማግሌ ፍየል እየነዱ ወደ ገበያ ይሄዳሉ። ወረድኩ። በእኛ አገር በበቅሎም ይሁን በፈረስ የተቀመጠ ወጣት፣ ታላቁን መንገድ ላይ ሲያገኝ ወርዶ፣ እጅ ነሥቶ፣ ጤናውን ጠይቆ ነው የሚያልፈው። ብስክሌትም ያው መቀመጫ ነው።

«አካም ጅርቱ» ብዬ ደህንነታቸውን ጠየቅኩ።

«ናጋ፣ ናጋ፣ አልሐምዱሊላህ። ኧረ አትውረድ ልጄ» አሉኝ። ሁሉም አትውረድ የሚሉኝ ከወረድኩ በኋላ ነው። ከዚያ የአባቴን ጤና፣ የከብቱን፣ የዝናቡን፣ በመጨረሻም ይሄ የብረት አህያ ምን እንደሚበላ ጠየቁኝ። ገና ስመልስ አጎቴ ደረሰ። እሱ ራሱ ታላቅ ነውና ማንም አያስወርደውም፤ በቅሎው ላይ እንደተቀመጠ ግራ ቀኙን «ናጋ፣ ናጋ» እያለ አለፈ።

«አብሽር የወንድሜ ልጅ!» አለኝ ሲያልፍ።

አባቴ ለምን ፈገግ እንዳለ የገባኝ እዚያ ላይ ነው። የገበያ ቀን ነው፤ ሸለቆው በሙሉ መንገድ ላይ ነው፤ ከእኔ የማይበልጥ ሰው ደግሞ የለም። ወጣሁ፣ ወረድኩ፤ ወጣሁ፣ ወረድኩ። እትዬ ዘሃራ የምትባል ሴት መጫኛውን አይታ፣ ሮቢት ላገባች ልጇ አድርስልኝ ብላ የቅቤ ቅል አሰረችበት። አንድ ገበሬ የጠፋ ጥጃ ወንዝ ማዶ ማግኘቱን ለባለቤቱ እንድነግርለት ላከኝ። ሌላው ለመንገድህ ብሎ የጢንቅሽ አገዳ ሸክፎ ሰጠኝ። ጊደሯ እየመጣች እንደሆነ ይታየኛል፤ ግን ጢንቅሹን እያኘክሁ፣ ጣፋጩ ውሃ በአገጬ እየወረደ፣ ሳቄም ይመጣል።

ቦርከናን ብስክሌቱን ተሸክሜ ስሻገር አጎቴ ከማዶ በቅሎውን ያጠጣል። ሲያየኝ ደንግጦ ዘሎ ኮርቻው ላይ ወጣ። እኔም ፔዳሉን ረገጥኩት። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሜዳ ነው፤ ቀደምኩት። የሮቢት ቆርቆሮ ሲያብረቀርቅ አየሁ።

ሜዳው ዳር ላይ ሸህ እድሪስ ቆመዋል። የአካባቢው ሁሉ አባት ናቸው፣ ዓይናቸው ግን ከደከመ ቆይቷል። ዝም ብዬ ባልፍ ማን እንዳለፈ አያውቁም። ሌላ ሰው አጠገባቸው የለም። ጊደሯ ትዝ አለችኝ፣ ዋርካው ታየኝ፤ እግሬ ግን ከእኔ ቀድሞ መሬት ነካ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሸህዬ።»

እጄን ያዙና አልለቅ አሉ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁ፣ አባትህን ሰላም በልልኝ አሉ፣ ከዚያ ዱዓ ጀመሩ። ረጅም ዱዓ ነው። በመሀሉ በቅሎዋ እየጋለበች በአጠገባችን አለፈች። «አሚን» ባልኩ ቁጥር ኮቴዋ እየራቀ ይሰማኛል።

ዋርካው ሥር ስደርስ አጎቴ ሻይ እየጠጣ ነው። አባቴ የአንዲት ግንባረ ቦቃ ጊደር ገመድ ይዞ ከባለቤቷ ጋር ያወራል። አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። የእትዬ ዘሃራ ልጅ ቅሉን ስታይ ለይታው መጣች፤ የእናቷን ጤና እየጠየቀች ተቀበለችኝ። ባለ ጥጃውን አጠያይቄ ስነግረው ትከሻዬን ሳመኝ። አባቴ ገመዱን እንደያዘ ያየናል።

«ስመጣ ሸህ እድሪስ ሜዳው ዳር ቆመው ነበር፤ አገኘሃቸው?» አለኝ።

«አገኘኋቸው። ሰላም ብለውሃል።»

«ወረድክላቸው?»

«ወረድኩ።»

ወደ አጎቴ ዞረ። «አንተስ አሊ?»

አጎቴ ሻዩን አስቀመጠ። «አያ፣ እኔማ እየጋለብኩ ነበር… አላየኋቸውም መሰለኝ።»

አባቴ ገመዱን ለባለጊደሩ መለሰ። «እንግዲያ ሰው የምታሳልፈው በቅሎዋ ናት» አለ። «በጊደር መለወጥ ያለባት እሷ ናት።»

ከብት ተራው ሳቀ፤ አጎቴም ከሁሉ በላይ ሳቀ። ስንመለስ አባቴ እህሉን ሸጦ ነበርና መጫኛው ላይ ተቀመጠ። ሜዳው ላይ ስፈጥን በሁለት እጁ ወገቤን ያዘና «ቀስ በል፣ ሰው እንይ» አለኝ።

ዛሬ አባቴም አጎቴም የሉም፤ እኔም ወጣቶች የሚወርዱልኝ ሰው ሆኛለሁ። የሚያሳስበኝ የሚወርድ መኖር አለመኖሩ ነው። በአስፋልቱ ላይ ባጃጁም መኪናውም ሽው ይላል፣ ማን ማንን እንዳለፈ አይታወቅም። የጠጠሩን መንገድ ግን እንጃ።

ልጆቹ ለምሳ አልደረሱም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነጭ አቧራ ለብሰው መጡ፤ ቀጭኗ ልጅ ጀርባዋ ላይ የጢንቅሽ እስር አዝላለች።

«አባባ፣ ካርታው ዋሽቶናል» አለችኝ እየሳቀች። «ሰው ሁሉ ሲያስቆመን ዋለ። ከወንዙ ማዶማ አንድ ሽማግሌ ቆመው አየንና ማለፍ ከበደን፤ ወርደን ሰላም አልናቸው። ምርቃታቸው አያልቅም። ከከሚሴ ነው የመጣነው ስንላቸው፣ እዚያ ላገኛችሁት ሁሉ ሰላም በሉልኝ አሉን።»

የራስ ቁሯን አወለቀችና ጎንበስ አለች። «እርስዎንም ሰላም ብለዎታል።»

ሰውየው ማን እንደሆነ አላወቅኩም። ከወንበሬ ተነሣሁ። «ወአለይኩም ሰላም» አልኳት።