ከሐረጉ ሥር ያለችው ጥግ

ጋሼን ከልቤ እወዳቸው ነበር፤ እንደሳቸው ያናደደኝ ሰው ግን የለም።

አገር ቤት ሳሉ በብራና መጻሕፍት ገጽ ራስጌ ላይ የጌጥ ሐረግ የሚስሉ ሰው ነበሩ። ሎስ አንጀለስ ከገቡ ወዲህ ፒኮ ጎዳና ላይ የሰው መኪና ፓርክ ያደርጋሉ። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ አዲስ ምግብ ቤት የከፈተች ሴት «ለሜኑዬ ሐረግ ይሳሉልኝ» ብትላቸው፣ የእረፍት ቀናቸውን ሁሉ ሰጥተው ሳሉላት። መስመሩ አንድ ቦታ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

እኔ ያኔ በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ኮሌጅ የገባሁ ተማሪ ነበርኩ። የፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች የሠሩት የጌጥ ሕትመት የተሰበሰበበትን መጽሐፍ ከላይብረሪ ተውሼ ወሰድኩላቸው። ንጉሣቸው ሃይማኖታቸውን ሲከለክል ሆላንድና እንግሊዝ የተሰደዱ ሰዎች ናቸው። የተጠማዘዘ ቅጠል፣ ዛጎል፣ የአበባ ጉንጉን በመዳብ ላይ ቀርጸው በወረቀት አተሙ፤ የሰው አገር አንጥረኛና አናጢ ከነሱ ቀዳ።

ጋሼ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አዩት። «ቅጠሉ በዛ። ዓይን ማረፊያ የለውም።»

«ቅጠሉን ይተዉት። ታች ጥጉ ላይ ያለውን ይዩ፤ የቀራጩ ስም ነው። ተሰዶም ስሙን ቀርጾበታል። እርስዎም ይጻፉ።»

«ሐረግ ላይ ስም? ሐረግ እኮ የእግዜር ቃል የሚከበርበት ነው ልጄ። እሱ ያውቀኛል።»

«ይሄ ወንጌል አይደለም ጋሼ፣ የክትፎ ዝርዝር ነው!»

ሳቁብኝ። ስማቸውን እኔው ሥዕላቸው ጥግ ላይ በእርሳስ ጻፍኩት። ሥዕሉ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት በላጲስ አጠፉት፤ የነገሩኝም ራሳቸው ናቸው፣ ደስ ብሏቸው።

ሜኑው ታትሞ ሲመጣ እኔና ጋሼ ምግብ ቤቱ ተቀምጠን ነበር፤ ጥጉ ባዶ አልነበረም። አታሚው «ዲዛይን» ብሎ የራሱን ስም ደንቅሮበታል። መስመር ያልሳለ ሰው!

«ኦኬ ነው፣ ማን ያነበዋል?» አለች የምግብ ቤቱ ባለቤት።

«በደህና ታትሟል» አሉ ጋሼ።

በደህና! ያ ፈረንሳዊ ከሞተ ስንት ዘመኑ፣ እኔ ግን ስሙን ላይብረሪ ውስጥ አገኘሁት። ጋሼ በሕይወት እያሉ፣ እዚያው አጠገቤ ተቀምጠው፣ ሥራቸው የሌላ ሰው ሆነ። በትሕትናቸው ተናደድኩ። ትሕትናቸው ለሌባ ቦታ ለቀቀለት።

ከቦርሳዬ እስክሪፕቶ አወጣሁ። የአታሚውን ስም ሰርዤ የሳቸውን ጻፍኩ። ሁለተኛውን ሜኑ ሳብኩ።

«አንቺ! ሜኑዬን እኮ እያቆሸሽው ነው!» ጮኸች ባለቤቷ።

«ተይ ልጄ፣ ተይ» አሉ ጋሼ።

«ይሄ እርሳስ አይደለም ጋሼ» አልኳቸው፣ ሦስተኛውን እየሳብኩ። «ላጲስዎን ያስቀምጡት።»