ባና የለበሰችው ትራክተር

ያርጋል በወጣትነቱ ከደባርቅ የእንግዳ ጓዝ በበቅሎ ጭኖ ተራራ ለተራራ ይመላለስ ነበር። በጠጉሯ ቀለም ዳማ የሚላት በቅሎው ከግጭ መንደር ሲመለሱ ገደል ገባችበት። ሌላ አልገዛም። «በቅሎማ ሞልቷል» ይል ነበር ሲጠይቁት፣ ወሬውንም በዚያው ይቆርጠዋል።

ኋላ ቡይት ራስ በተባለው ስፍራ ያለ ሎጅ ቀጠረው። ሥራው ተቀምጠው በሚነዷት ትንሽ ትራክተር የግቢውን ሣር ማጨድ ነበር። በእኛ አገር ያላበው በቅሎ ለብርድ አይሰጥም፤ ኮርቻው ሲወርድ ጀርባው ከጥቁር ሱፍ የተሠራ ባና ይለብሳል። ያርጋልም አመሻሽ ላይ፣ የትራክተሯ ኮፈኖ ገና እንደጋለ፣ የበቅሎው የዳማ በነበረው ባና ይሸፍናታል።

«አያ ያርጋል፣ ገብስስ አይሰጧትም?» ትለዋለች የወጥ ቤቷ ወርቄ።

«ቤንዚን ጠጥታለች፤ አንቺ ወጥሽን ጠብቂ።»

በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ ትራክተሯ መጋል ጀመረች። ጥቂት ታጭድና የተቃጠለ ዘይት ትሸታለች፣ ጉልበቷ ይከዳታል፣ ቀጥ ትላለች። ያርጋል ደክሟት ነው ብሎ ጥላ ሥር አሳረፋት። በማግስቱም ያው ሆነ። የሎጁ ኃላፊ አቶ ጥበብ፣ «ዛሬም ከቆመች ጎንደር ወርዳ ትሸጣለች፤ ሣሩን በማጭድ እናስጨርሰዋለን» አለው።

ያርጋል ወደ ትራክተሯ ሄደ። አንዷን ገደል ወስዶበታል፤ ይህችን ገበያ ሊወስድበት ነው።

ዘይቷን አየ፤ ሙሉ ነው። ሣሩ በዝቶባት እንደሆነ ብሎ ምላጩን ከፍ አድርጎ በዝግታ ነዳ። ጋለች። ሞተሩ ሳይጠፋ መዳፉን በጎኗ ደቀነ፤ ሞተሩን አብርዶ በዚያ መውጣት የነበረበት ነፋስ የለም።

«ምን ሆነች?» አለች ወርቄ፣ ድንች የምትልጥበትን ቢላ እንደያዘች።

«ትንፋሽ አጥሯታል።»

አጥፍቶ እስክትበርድ ጠበቀና የሞተሩን ክዳን በካቻቢቴ ፈታ። ነፋስ በሚያልፍባቸው ክፍተቶች ላይ የአይጥ ጎጆ ተጠቅጥቋል፤ ደረቅ ሣርና ጥቁር ሱፍ።

ወርቄ ሳቋ አመለጣት። «አይጧ ሙቀት አግኝታ ነዋ የገባችው! እርስዎ አልብሰው፣ እርስዎ አስተኝተው!»

ያርጋል ሱፉን እየነቀለ ያወጣ ጀመር። ከሱፉ ጋር የተጠላለፈ አጭር ዳማ ጠጉር አገኘ። ጣቱ ላይ ጠቅልሎ ብዙ አየው። ወርቄ ሳቋን ዋጠች።

«የዳማ ነው?»

«ከዚህና ከባናው ወዲያ የእሷ የሚባል የለኝም» አለና ጠጉሩን ኪሱ ከተተው።

የቀረውን ጠርጎ ክዳኑን ገጠመ። ከሰዓት በኋላ ሣሩን እስከ አጥሩ ጥግ አጨደ፤ አልቆመችም። አቶ ጥበብ ከበረንዳው አይቶ ራሱን በእሺታ ነቀነቀና ገባ።

ሲመሽ ብርዱ ጠና። ዳግም አይጥ እንዳይስብ ባናውን አጣጥፎ ለወርቄ ሰጣትና ወደ ትራክተሯ ተመለሰ። እጁን ኮፈኖዋ ላይ አኑሮ፣ ቀስ በቀስ እስክትቀዘቅዝ ድረስ አጠገቧ ቆመ።