ዋስ ያደረግኋቸው ሰው

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ንስሐ አባቴ ፊት ስቀርብ ሐሜቴን እናገራለሁ፤ የሻርሁትን ጾም እናገራለሁ፤ ከጎረቤት የተኮራረፍሁትን ሳይቀር እናገራለሁ። ይህችን ግን እዘላታለሁ። እሳቸው «ሌላስ?» ይሉኛል። እኔም «ሌላ የለም አባቴ» እላለሁ። እናንተ መልኬን አታውቁትም፤ ስለዚህ ለእናንተ ልናገር። ሌላው ይኸው።

ስመኝ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ቢቸና፣ ከገበያው በላይ ባለው አሮጌ ሰፈር ነው። ተምሬ የተቀጠርሁትም እዚያው ማዘጋጃ ቤት ነበር፤ ሥራዬ ከሕዝብ ጋር መነጋገር። አንድ ዓመት ከተማው ከአንድ ባለሀብት ጋር ተሻረከ። ከተማው መሬት ሊሰጥ፣ ባለሀብቱ ገንዘብ ሊያመጣ፣ ታቹ ሱቅ ላዩ መኖሪያ የሆነ ፎቅ ሊሠሩ። በስብሰባ ላይ «የመንግሥትና የግል አጋርነት» እንለዋለን፤ ቢሮ ውስጥ ስንሆን «ፒፒፒ» ብለን እናሳጥረዋለን። መሬቱ ግን ባዶ አልነበረም። መሬቱ ያደግሁበት ሰፈር ነበር።

ለሰፈሩ ሰው የተነገረው እንዲህ ነው፦ ለጊዜው ተነሡ፤ ከከተማው ዳር ምትክ ቦታ ይሰጣችኋል፤ ፎቁ ሲያልቅ ግን ሁላችሁም ትመለሳላችሁ፤ ለሚነግድ ሱቅ፣ ለማይነግድ ቤት አለው። ሰዉ አላመነም። ጠላ ሻጯ እትዬ ማሬ ከመካከል ተነሥታ፣ «መንግሥትና ሀብታም ሲሻረኩ ድሃ በየት በኩል ይገባል? እንግዲያውስ ዋስ ጥሩልን» አለች። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣው መሐንዲሳችን ሳቀ። ለመንግሥት ዋስ ይጠራል ወይ ብሎ። እኔ አልሳቅሁም። እኔ ያገሩ ልጅ ነኝ። በእኛ ዘንድ አንድ የተከበረ ሰው ተነሥቶ «በኔ» ካለ ነገሩ አለቀ፤ ባለጉዳዩ ቢከዳ ዋሱ ከቤቱ አውጥቶ ይሞላል። መሐንዲሱ ይህን ሊያስበው አይችልም ነበር። ያሰብሁት እኔ ነኝ። የማንን ዋስነት ሰዉ እንደሚቀበልም አውቅ ነበር።

የጋሼ ፈንታሁንን ነው። ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ የዕድራችንም ዳኛ። አባቴ የሞተ ጊዜ ድንኳኑን ያስተከሉት፣ ከዚያ በኋላም እስክጨርስ ድረስ የትምህርት ቤት ልብሴን ያለ ክፍያ የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው።

እሳቸው ዘንድ ከመሄዴ በፊት የሰማሁትን ልንገራችሁ፤ ጥፋቴ ያለው እዚህ ላይ ነው። ባለሀብቱ ኃላፊያችን ቢሮ ተቀምጦ፣ «የድሮውን ነዋሪ መልሼ ካስገባሁ ለኔ ምን ተረፈኝ? እሱ አይሆንም» አለ። ኃላፊያችንም፣ «ብቻ ይነሡ። ከተነሡ በኋላ ማን ይጠይቃል?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ሰምቻለሁ። በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንዴት እንዲህ ይሆናል ብዬ አንዲት ቃል ተነፈስሁ? አልተነፈስሁም። ምን ፈልጌ ዝም አልሁ? ሹመት። ሌላ የማሳምረው ምክንያት የለኝም።

ጋሼ በረንዳቸው ላይ ይሰፉ ነበር። ነገሩን አስረዳኋቸው። እግራቸውን ከስፌት መኪናው ሳያነሡ፣ «እውነት ይመለሳሉ ስመኝ?» አሉኝ።

«ይመለሳሉ ጋሼ።»

«ሰዎቹ ሲናገሩ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«አንቺ ካልሽማ» አሉና መኪናቸውን ቀጠሉ። እሑድ ዕድርተኛው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ተሰበሰበ። ጋሼ ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙና «በኔ ይሁንባችሁ» አሉ። አንድ ሽማግሌም «ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ፤ ሰምተናል» ብለው ቃሉን አሰሩት። እኔ ከሴቶቹ መካከል ነበርሁ። ሰዉ ሲበተን እፎይ አልሁ፤ ዛሬ ሳስበው የሚያንገበግበኝ ያ እፎይታዬ ነው። ለሌላው ምሳሌ እንዲሆኑ ብለው የቤታቸውን ቆርቆሮ ቀድመው ያወረዱት ጋሼ ናቸው።

ፎቁ ተጀመረ። ምድር ቤቱ አለቀና ሱቆቹ ተከፈቱ። መድኃኒት ቤት ገባ፤ ልብስ መሸጫ ገባ። ከሰፈራችን የገባ አንድም ሰው የለም። ሰዎቹ መጥተው ሲጠይቁን ቢሮው «እንዲህ ያለ ስምምነት የለም» አላቸው። ያን የነገራቸው ሌላ ሠራተኛ ነው፤ እኔ የዚያን ቀን ታምሜያለሁ ብዬ ቀርቼ ነበር።

ዛሬ ያን ፎቅ፣ ብረቱ ከላይ ተርፎ ቆሞ የቀረውን፣ የሚያይ ሰው ሁሉ ጊዜውን ይረግማል፤ የመንገዱን መዘጋት፣ የሲሚንቶውን መጥፋት። እኔም በዚህ ሰበብ ብዙ ተደግፌያለሁ። ዳሩ ግን ውሸቴ ከዚያ ሁሉ በፊት የተነገረ ነው። ፎቁ እስከ ጣራው ቢያልቅም እነ እትዬ ማሬ አይገቡበትም ነበር።

ሰዉ ወደ ዋሱ ዞረ። በዕድሩ ስብሰባ እትዬ ማሬ ተነሣች። ለእሷ የደረሳት ምትክ ቦታ ገደላማ ነበርና ጎጆ እንኳ አልቆምላት ብሎ ነበር። «እኔ ባለሀብቱን አላውቀውም፤ ቢሮውንም አላውቀውም። የማውቀው እርስዎን ነው ጋሼ» አለች፤ ሳትቆጣ፣ እያለቀሰች። እዚያው ነበርሁ። «እሳቸው አያውቁም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ» ለማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይበቃኝ ነበር? መሬት መሬት አየሁ። ጋሼም «ልክ ነሽ» አሏት። የራሳቸውን ምትክ ቦታ ለእሷ ለቀቁላት። ዳኝነታቸውን አስረከቡ። የስፌት መኪናቸውን አስጭነው ሞጣ ወዳለችው ልጃቸው ሄዱ። ከሰውም የተሰናበታቸው ጥቂት ነው።

እኔ ተሾምሁ። የተሾምሁትም፣ እግዜር ሲፈርድ፣ ሞጣ ነው። ጋሼ በልጃቸው ደጃፍ ተቀምጠው ሲሰፉ ገና ከሩቅ አየኋቸውና መንገድ ቀየርሁ። ብዙ ጊዜ ቀየርሁ። አንድ ቀን ግን ቀድመው አዩኝና በስሜ ጠሩኝ፤ ዱካ አቅርበው አስቀመጡኝ። እግራቸውን ከስፌት መኪናው አነሡና፣

«አንቺንም አታለሉሽ፣ አይደል ልጄ?» አሉኝ።

ውሸቱን ራሳቸው ቆርጠው ሰፍተው ሰጡኝ፤ እንደዚያ እንደ ትምህርት ቤት ልብሴ በልኬ ነበር። «አዎ ጋሼ» አልሁ። «አይዞሽ» አሉኝ። እኔን አጽናኑኝ! ከዚያ ወዲህ ባለፍሁ ቁጥር «አይዞሽ» ይሉኝ ነበር። የመጀመሪያውን ውሸት ለሹመት ዋሸሁ እንበል። ይህንንስ ለምን? ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኔ ግን እያደር ከበደ።

ባለፈው ክረምት አረፉ። ሲደክሙ ልጃቸውን፣ «ቢቸና አትውሰዱኝ። ዕድርተኛው ድንኳን ለመትከልም ይቸገራል፤ ላለመትከልም ይቸገራል» አሏት። ስንቱን የቀበሩ ሰው ካገራቸው ውጭ ሞጣ ተቀበሩ። ከማንም በላይ ጮኼ አለቀስሁ። ልጃቸው አቅፋ አባበለችኝ፤ «አባባ አንቺን ሲያነሣ ‹ያቺም ልጅ እንደኔው ተታልላ› እያለ ያዝን ነበር» አለችኝ።

ይቅርታ አልጠይቅም። ጋሼ ይቅር ብለውኛል፤ ግን ይቅር ያሉት የተታለለችውን ስመኝን ነው። እኔ አልተታለልሁም። ቢቸና ሄጄ ዕድሩ ፊት መቆም ነበረብኝ። ከሞጣ ተሳፍሬ መንገድ መካከል ግንደወይን ስደርስ ወርጃለሁ፤ በሚመለሰው መኪናም ተመልሻለሁ። እንዲህ ያለሁ ፈሪ ነኝ።

ከቢቸና ሰው ይህን የሚያነብ ካለ ለዕድርተኛው ያንብብልኝ። ለእትዬ ማሬም ያንብብላት። ዋሱ አልዋሹም። ለገዛ ቃላቸው የታመኑ ሰው ነበሩ። የጠራኋቸው እኔ ነኝ፤ «ሰምቻለሁ» ያልኋቸውም እኔ ነኝ። ሰዎቹ እንደማይመለሱ በረንዳቸው ላይ ስቆም አውቅ ነበር።