ጉዱማሌን ያጠርኩ ቀን

ታናሽ እህቴ የሠራችውን ላይላት ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። ኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ ጫማዬን ሳወልቅ የካልሲና የጋለ ኮምፒውተር ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬን መታው። ያው ሽታ መልሶ ሰባተኛ ክፍል አስገባኝ።

ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ የነበረው ትምህርት ቤታችንም አቧራ እንዳይገባ በካልሲ ነበር የሚያስገባን። ቲቸር ኮምፒውተሩ ላይ በጡብ በጡብ የሚገነባ ዓለም ከፈተችልንና እንድንሠራቸው የከተማዋን ቦታዎች አከፋፈለችን። ለጓደኛዬ ለጽዮን ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ደረሳት፤ ለእኔ የፊቼ በዓል የሚከበርበት ሜዳ፣ ጉዱማሌ። ጽዮን ሐይቁንም ጀልባውንም፣ የዓሣ ትርፍራፊ የሚጠብቁትን አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች ሳይቀር ሠራች። የክፍሉ ልጆች በሙሉ ስክሪኑ ላይ ትንንሽ ሰዎቻቸውን እየነዱ ወደ እሷ ጎረፉ። "ውይ ጽዮንዬ፣ ስታምር!" ሲሉ ቅናት አንገበገበኝ። እኔ ጋ ዝር ያለ የለም። እንደውም ማንም እንዳይነካብኝ ብዬ ጉዱማሌን ዙሪያውን በድንጋይ አጠርኩት።

ቲቸር ከኋላዬ ቆማ አየችኝ። "ለፊቼ የሚመጣው ሰው በየት ይግባልሽ?" አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

በር መርሳቴን የነገረችኝ መስሎኝ አንዲት ጠባብ በር ከፈትኩ። የእኔን ትንሽ ሰው በሩ ላይ አቁሜ ጠበቅሁ። ደወሉ እስኪደወል ማንም አልመጣም።

"ነይ እንጂ፣ እይው!" ብላ እህቴ እጄን ጎተተችኝ። ስክሪኗ ላይ የሠራችው መንደር በክፍሏ ልጆች ግጥም ብሏል። አንዱ ልጅ ዛፏን ይነቅላል፣ እሷ ትስቃለች። ዙሪያውን አጥር ፈለግኩ፤ የለም።

በገዛ እህቴ ቀናሁ።