የየኔታን ስም ለመመለስ ወደ ሙከጡሪ

ጎህ ሲቀድ ከቀጨኔ ወጥቼ ወደ አዲሱ ገበያ በእግሬ ሄድኩ። ጥቅምት ነው፤ ደርግ ቀበሌውን ሁሉ በየሳምንቱ የሚያወያይበት ዘመን። በዘንቢሌ ውስጥ ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ያገኘሁት አንድ ኪሎ ስኳር፣ ዳቦና አራት ገጽ ጽሑፍ ነበር። ስኳሩ ለየኔታ ክንፉ ነው። ጽሑፉ ውስጥ ደግሞ ከእርሳቸው የሰረቅሁት ቃል አለ፤ የምሄደውም ይህንኑ ልነግራቸው ነው።

የኔታ ዓይነ ስውር የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ናቸው። ቀጨኔ በነበሩ ጊዜ፣ ለተማሪዎቻቸው የጥንት አባቶችን ትምህርት ሲያብራሩ እኔ ደጃፉ ላይ ጥጥ እየፈተልኩ እሰማ ነበር። ያኔ ሠላሳ ዓመት አልፎኝ ነበር፤ ፊደል የቆጠርኩት ገና በዚያው ዓመት ማታ ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። አንድ ቀን «አንቺ ባለ እንዝርት፣ እስቲ ያልኩትን ድገሚልኝ» አሉኝ። ሳላዛንፍ ደገምኩ። ከዚያ ወዲህ ተማሪያቸው ሆንኩ። አርጅተው የወንድማቸው ልጅ ሙከጡሪ አጠገብ ወዳለው አገራቸው ከወሰዳቸው ሁለት ዓመት ሆነ።

ባለፈው ወር በቀበሌው የውይይት ክበብ ስለ ጥንት ክርስቲያኖችና ስለ ጋራ ሀብት ጽሑፍ አቀረብኩ። የእስክንድርያና የአንጾኪያ አባቶች ስለ ሀብት ያስተማሩት፣ ብዙ ዘመን ቆይቶ «ንብረት የጋራ ይሁን» ያሉ አሳቢዎች ዘንድ እንዴት እንደ ደረሰ የሚያትት ነው። ጭብጨባውን ያመጣው ግን አንድ አባባል ነው፦ «ጠግበህ የተረፈህ እንጀራ የተራበው ሰው ገንዘብ ነው፤ ስትሰጠው መለሰለት እንጂ ቸረው አይባልልህም።» አባባሉ የየኔታ ነው። በዚያ ስብሰባ የቤተ ክህነት ሰው ስም ብጠራ ምን ይሉኛል ብዬ ተውኩት። «ማን ነው ያለው?» ተብዬ ስጠየቅም «የራሴ ማጠቃለያ ነው» አልኩ። በሰው ጽሑፍ ላይ የተዘለለች ነጥብ እንቅልፍ የምትነሳኝ እኔ።

ሱሉልታ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት

ሁለት ብር ከሃምሳ ከፍዬ የያዝኩት ወንበር ከአንዲት ቅቤ ነጋዴ አጠገብ ነበር። አውቶቡሱ የእንጦጦን ዳገት እያቃሰተ ሲወጣ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ።

«አንድ መምህር ዘንድ። ይቅርታ ልጠይቅ።»

«አይዞሽ እህቴ! እኔ ቅቤ ውስጥ ድንች መክተቴን ተናዝዤ ቀሎኛል።»

ሱሉልታ ኬላ ላይ ወርደን ስንፈተሽ ወታደሩ ጽሑፉን አገኘ። የቀበሌውን ማኅተም ሲያይ ፊቱ ተፈታ። ያንኑ ዓረፍተ ነገር ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበና «ግሩም ነው፣ ጓድ! አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። እንደገና።

«እንግዲያው የተረፈሽ ዳቦ ካለ መልሽልኛ!» አለች ቅቤ ነጋዴዋ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ዳቦዬን ገምሼ ሰጠኋት። የቀረውን ወደ ዘንቢሌ መለስኩ።

ሙከጡሪ፣ አምስት ሰዓት

ከመንገዱ ወርጄ አንድ ሰዓት ያህል በእግሬ ሄድኩ። ገብሱ ቢጫ መሆን ጀምሯል፤ ጥቁሩ አፈር እየተሰነጠቀ ነው፤ ሜዳው ላይ ነፋሱን የሚከልል ዛፍ የለም። የኔታ ፀሐይ እየሞቁ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ገና «እንደምን ዋሉ» ስል፣

«ባለ እንዝርቷ!» አሉ። ዘንቢሉን ዳሰሱ። «ስኳር? በራሽን ዘመን? ኃጢአትሽ ከባድ መሆን አለበት።»

ልናገር አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። «ጽሑፍ አወጣች አሉኝ። እስቲ አንብቢልኝ።» ፊታቸው እንዲያ ሲበራ አይቼ አላውቅም። ማንበብ ጀመርኩ። ያ አባባል ጋ ስደርስ፣ ወረቀቱ ላይ የሌለውን «የኔታ ክንፉ እንዳስተማሩኝ» የሚል ጨመርኩ።

እጃቸውን አነሱ። «እሷን ድገሚልኝ።»

ደገምኩ።

«አርባ ዓመት ሙሉ ሥራዬ ሰው ሲያነብ መስማት ነው። ከወረቀት የተለቀመ ቃልና ከአፍ የወጣ ቃል ድምፁ አንድ አይደለም። ስሜ እዚያ የለም።»

«የለም፣ የኔታ።» የቀረውንም፣ «የራሴ ነው» ማለቴን ጭምር፣ ነገርኳቸው።

ዘንቢሉን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። «የኔስ ይቅር፤ ነገ አፈር ነኝ። ትምህርቱን ከማን ተቀበልሽ? ቁጠሪ።»

በእርሳቸው ቤት ደንቡ ነው፤ ተማሪ የመምህሩን፣ የመምህሩንም መምህር ስም ሳይጠራ ትምህርቱን መድገም አይጀምርም። «ከእርስዎ፤ እርስዎ ከመምህር ተድላ፤ እርሳቸው ከመምህር ዘወልድ...» ቆምኩ። አራተኛው ጠፋኝ።

«መምህር አካለ» አሉ ቀስ ብለው። «ይኸውልሽ። የእኔን ስትተይ እርሳቸውም ሄዱ። የአባቶች ቃል ባሕር ተሻግሮ እኛ ዘንድ የደረሰው በብራና ብቻ መሰለሽ? ሰው ሰውን እየጠራ ነው።»

«ይፍቱኝ፣ የኔታ።»

«እኔን ምን አገባኝ? ባጨበጨቡልሽ ሰዎች ፊት ነው የወሰድሽው፤ እዚያው መልሽ።» ስሞቹን ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ልጽፋቸው ብል ከለከሉኝ።

ቀጨኔ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት

በአውቶቡሱ መስኮት እንጦጦን እያየሁ አራቱን ስሞች እንደ ሕፃን ስደጋግም መጣሁ። ዘግይቼ የተማርኩ ነኝና የማውቀው ሁሉ ከራሴ የበቀለ እንዲመስል እፈልግ ነበር፤ ደጃፍ ተቀምጣ የሰማች ሴት መሆኔን ማንም እንዳያውቅብኝ። ሐፍረቴ ከስርቆቱም ይልቅ ከዚህ ነው። ያ ደጃፍ ባይኖር ምን እጽፍ ነበር?

በሚቀጥለው ስብሰባ እጄን አወጣሁ።

«ጓድ፣ ጥያቄ ነው አስተያየት?» አለ ሰብሳቢው።

«እርማት ነው» አልኩ። ተነሣሁና ስሞቹን ከመምህር አካለ ጀምሬ ቆጠርኩ።