ልሰብረው የነበረው ክንድ

በጃንሆይ ጊዜ ሸዋ ሮቢት ላይ ድሬሰር፣ ማለትም ቁስል አጣቢው፣ እንደ ዶክተር ነበር የሚታየው። እኔም የጀውሃ ተወላጅ ብሆንም በሕፃንነቴ ሄጄ አዲስ አበባ ያደግሁ ነኝና የሚያውቀኝ አልነበረም፤ ተመድቤ ስመጣ «ዶክተር» ሲሉኝ አቤት አልኩ።

አንድ ቀን ዘሀራ የምትባል የቀወት ገበሬ የአምስት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። የልጅቷ ክንድ ተሰብሮ ወጌሻ አስሮት ድኗል፤ ግን ተቆልምሞ ነው የገጠመው።

«እንደገና ተሰብሮ መቃናት አለበት» አልኩ። ማደንዘዣ የለኝም። እናትየው ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ዓይኗን በሻሿ ሸፈነቻት። ክንዷን በሁለት እጄ ያዝኩ።

ያን ጊዜ ወጌሻው ጋሽ ይመር በሩን በርግደው ገቡ።

«ዶክተር፣ ይተዉት! የልጅ አጥንት ሕይወት አለው። ሲያድግ ራሱን እያፈረሰ፣ እየሠራ ይቃናል።»

«አጥንት የጭቃ ቤት ነው እንዴ? ያበላሹት እርስዎ ነዎት፤ ይውጡልኝ!»

አልወጡም። ልጅቷ ጮኸች። አውራ ጣቴን ጉብታው ላይ አድርጌ ልጫን ስል፣ ሽማግሌው ፊቴን ትኩር ብለው አይተው የራሴን ቀኝ ክንድ አፈፍ አደረጉና እጅጌዬን ወደ ላይ ሰበሰቡት።

«አንተ የዚያ የጀውሃው ጨው ነጋዴ ልጅ አይደለህም?»

«ነኝ። ምነው?»

«በሦስት ዓመትህ ከበቅሎ ወድቀህ ይህን ክንድህን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ልክ እንደዚች ልጅ ተቆልምሞ ገጠመ። እናትህ ‹ሰብረህ አቃናልኝ› ብላ እግሬ ላይ ወደቀች፤ እንቢ አልኳት።»

ክንዴን ለቀቁት።

«እስቲ የቱ ጋ እንደተጣመመ አሳየኝ።»